ሲስተር ዶክተር ስትሆን
ስለ ነርስነት ተግባር ዶክትሬትና ስለ ተልእኮ ትምህርት

«ዶክተር» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ መምህር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ማዕረግ ይሰጡ የነበረው ሃይማኖትን፣ ሕግንና ሕክምናን ጠንቅቆ ለማስተማር ለበቃ ሰው ነበር። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገራችን ሲገባ ግን መምህሩ በመንገድ ቀርቶ ሐኪሙ ብቻ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ፣ ነርስም ይሁን የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ከበሽተኞች አፍ «ዶክተር» ሲባል ይውላል። ጋዋን የለበሰች ሴት ደግሞ የቱንም ያህል የተማረች ብትሆን «ሲስተር» ናት። ልማዱ እንዲህ ከጸና በኋላ «ይህች ነርስ ናት፤ ዶክተርም ናት» ብሎ ለበሽተኛ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ሆኖም እንዲህ ያሉ ነርሶች በዓለም ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከነዚሁም መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይገኙባቸዋል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ አሶሳ የሄድን ጥቂት ተማሪዎች ከነርሶች ጋር በተጫወትን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልን ነበር። ይኸውም ሥራን ሳይለቁ፣ ከአሶሳም ሳይወጡ፣ በኢንተርኔት ተምሮ የነርስነት ዶክትሬት ማግኘት ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ይጠቅማል ወይ? የሚል ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሕክምና ለመናገር ሥልጣን የለንም። ነገር ግን ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የትምህርት፣ የገንዘብ፣ የቋንቋና የአስተዳደርም ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው፣ ያጠናነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ደፈርን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ነርሶች በአሜሪካ የዶክትሬት ትምህርት መማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሰጣቸው ማዕረግ የትምህርት ዶክትሬት ነበር፤ ነርስነት ራሱን የቻለ የዕውቀት መስክ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው ገና ብዙ አልነበረምና። ኋላ ፒኤችዲ መጣ። ፒኤችዲ ግን ተማሪውን የሚያዘጋጀው ለምርምርና ለማስተማር ስለሆነ፣ ጎበዟን ነርስ ከዎርድ አውጥቶ ወደ ቢሮ የሚወስድ መንገድ ሆነ። በአልጋ አጠገብ የሚውሉትና የሚያድሩት ነርሶች «የኛን ሥራ የሚያከብር ከፍተኛ ትምህርት የለም ወይ?» ማለት ጀመሩ። ኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ሙከራ አደረገ። በ2001 ደግሞ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ተግባር ዶክትሬት የተባለውን፣ ባጭር አጠራር ዲኤንፒ የሚሉትን ትምህርት ከፈተ። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ2004 ከፍ ላለ የነርስነት ሥራ መግቢያው ይህ ዶክትሬት እንዲሆን ሲወስን እስከ 2015 ድረስ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ ማስተርሱም አልጠፋም። ቢሆንም ትምህርቱ በዚያ አገር በፍጥነት ተስፋፋ፤ ብዙው ክፍልም የሚሰጠው በኢንተርኔት ሆነ።

በፒኤችዲና በዚህ ትምህርት መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም የማሞቂያ ሣጥን ስላነሰው፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን እናቶቻቸው በደረታቸው ላይ ገላ ለገላ እንዲያቅፏቸው ማድረግ ጀመረ። ካንጋሩ የተባለችው እንስሳ ልጅዋን በከረጢትዋ እንደምትይዝ ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው ወጣለት። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አያያዝ ይመክራል፤ ሕፃናትን ከሞት እንደሚያድንም ተረጋግጧል። እንግዲህ ፒኤችዲ የሚማረው ሰው «ይህ አያያዝ የሚሠራው በምን ምክንያት ነው? እስከ አሁን ያልታወቀ ምን አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። የተግባር ዶክትሬት የምትማረዋ ነርስ ግን «ይህ ሁሉ ከታወቀ በእኔ ዎርድ ውስጥ ለምን አይደረግም?» ብላ ትነሣለች። እናቲቱ የምትደገፍበት ወንበር አጥታ ይሆን? አማትዋ ልጁ ይታፈናል ብላ ይሆን? የሌሊቷ ተረኛ አንድ ብቻ ስለሆነች የሚያስተምር ጠፍቶ ይሆን? ምክንያቱን ፈልጋ ታገኛለች፤ አንድ ለውጥ ታደርጋለች፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ቆጥራ ትጽፋለች። የመመረቂያ ሥራዋ ይኸው ነው። አዲስ ዕውቀት አልተፈጠረም ብሎ የሚንቅ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን የታወቀው ነገር በየመደርደሪያው አቧራ በሚጠጣበት አገር እንዲህ ያለው ሥራ ከምርምር ያነሰ ነው ለማለት አንችልም።

ጽሑፉ ብቻ አይበቃም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ ከባችለር ዲግሪ በኋላ ከ1,000 ሰዓት የማያንስ የተግባር ልምምድ ጠይቋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዛሬም በዚሁ ቁጥር ይሄዳሉ። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚያውለው ሰው 25 ሳምንት ነው። ሥራዋን ሳትለቅ በሳምንት 16 ሰዓት ብቻ ለመስጠት ለምትችል ግን ከ62 ሳምንት በላይ ይሆናል። በማስተርስ ጊዜ የተፈጸመው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ይታሰባል።

እኛ ዘንድስ?

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስ ሄንሪ ሲልቨር ከተባለ የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆና፣ ሐኪም በማይገኝበት ቦታ በሽተኛ የምትመረምርና የምታክም ነርስ ማሠልጠን ጀመረች። ዓለም ይህን ታላቅ ጅምር ብሎ መዝግቦታል፤ ይገባዋልም። (ፎርድ በ104 ዓመቷ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አረፈች።) ነገር ግን በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም በሌለበት አገር የሚያክሙ የጤና መኮንኖችን፣ ከነርሱም ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954፣ ማለት ኮሎራዶን በ11 ዓመት ቀድሞ ነው። በደምቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ነበር ያስቸኮለው። ይህን የምንጽፈው ለመመካት ሳይሆን፣ የአሜሪካ ነርስ በዶክትሬት የምትደርስበትን የሥራ ድርሻ በኛ አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጤና መኮንን ይዞት እንደሚገኝ ለማስገንዘብ ነው። ቦታው ባዶ አይደለም። የዲኤንፒ ምሩቅ ወደ አገርዋ ብትመለስ «አንቺ የምትሠሪው ምኑን ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል።

ነርስነት ራሱ በኢትዮጵያ ከምዕራቡ አገር ጋር የተሳሰረ አንድ የሐዘን ታሪክ አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። ወደ አገር ተመልሰው ካገቡ በኋላ ባለቤታቸው በወለጋ ሹመት ላይ ሳሉ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል፣ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ስትሰበስብለት ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ቀይ መስቀል ያቋቋመው የነርሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ጀምሮ ነበርና ሁለቱ ተከታትለው የመጡ ናቸው። የንጉሥ ልጅ ብትሆን፣ ነርስም ብትሆን፣ ከዋና ከተማ መራቅ በወሊድ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ነቀምቴ ያስታውሰናል። አሶሳ ደግሞ ከነቀምቴም አልፎ፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲንና ባምባሲን ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል።

ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 784,345 ሰው ተመዝግቦበታል። ዓባይ አገሩን ለሁለት ስለሚከፍለው መተከል በወዲያ ማዶ፣ አሶሳና ካማሺ በወዲህ ማዶ ናቸው። በአሶሳና በፓዌ ሆስፒታል አለ፤ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም በሁለቱ ቦታ ይገኛል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2003 ዓ.ም. ነው። ቆላው ወባ አይለየውም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል የተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ በጤና ተቋሞችም ላይ ጉዳት አድርሷል። ከዚያ ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ይገቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የነበረው የሸርቆሌ ሰፈር ሳይበቃ ቀርቶ በ2024 ኡራ የሚባል ሌላ ሰፈር ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሸክም በመጨረሻ የሚያርፈው በአንዲት ተረኛ ነርስ ትከሻ ላይ ነው።

በአሶሳ ያገኘናት አንዲት ነርስ እንዳጫወተችን ከሆነ ትልቁ ችግርዋ መድኃኒት ማጣት አይደለም። ቋንቋ ነው። እርስዋ የምትናገረው አማርኛና ኦሮምኛ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣችው እናት ደግሞ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ፣ ከወሰን ማዶ የመጣችው ዓረብኛ ትናገራለች። ታዲያ ማን ያስተረጉማል? አንዳንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንዳንድ ጊዜ ከጎን አልጋ የተኛው በሽተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም የራስዋ የእናቲቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያስተረጉማል። ልጅ በእናቱ ፊት ስለ ማሕፀን ደም መፍሰስ ሲያስተረጉም ምን ያህሉን እንደሚናገርና ምን ያህሉን እንደሚውጥ አንባቢው ይገምት።

ይህ ነገር ቋንቋ ለምንማር ለእኛ እጅግ የቀረበ ሆኖ ስላገኘነው ትንሽ ልንቆይበት እንወዳለን። የወባውን ኪኒን፣ ኮአርተም የሚሉትን፣ እንውሰድ። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ቀሪው ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ይልቁንም ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ልጁ በአንድ ቀን ተሽሎት ቢሮጥም ኪኒኑን መጨረስ አለበት። ይህ በአማርኛ ለተናገረ ሰው ቀላል ነው። በሦስተኛ ሰው አፍ አልፎ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ሌሊት ሳትተኛ ላደረች እናት ሲነገር ግን ከስድስቱ ስንቱ ይደርሳል? ነርስዋ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልጋት ነገር ብዙ አይደለም፤ እናቲቱ ከመውጣትዋ በፊት የሰማችውን መልሳ እንድትነግራት መጠየቅና የመለሰችውን መመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሠራተኞችን ለማስተርጐም በደንብ ማዘጋጀት፣ ፀሐይዋና ጨረቃዋ የተሣሉበት ካርድ መስጠት፣ እንደገናም መቁጠር። ጥሩ የዲኤንፒ ሥራ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ በአዮዋ ወይም በኦሃዮ ሆኖ የሚታሰብ አይደለም። አሶሳ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው ሊያስበው የሚችለው። በተልእኮ ለመማር ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ እኛን ያሳመነን ይህ ነው፤ ተማሪዋ ከቦታዋ ሳትነቀል ቦታዋን ታጠናለችና።

ትምህርቱ ከሩቅ ሲመጣ

የተልእኮ ትምህርት ሲነሣ የሚያፌዙ አሉ። ታሪኩን ቢያውቁ ባላፌዙ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ቅጽር ግቢውን ላልረገጡ ተማሪዎች ፈተናውን ክፍት አደረገ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በ1946 በተልእኮ ብቻ ወደ ማስተማር ተሻገረ። ኔልሰን ማንዴላ ከሁለቱም ዘንድ ተምረዋል፤ ከለንደን የተማሩት እስር ቤት ሆነው ነው። በነርስነትም ቢሆን ኬንያ በ2005 ከአምሬፍ ጋር ሆና ከ20,000 በላይ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸውን ነርሶች ከሥራቸው ሳይነቀሉ በኮምፒዩተር እያስተማረች ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ ተነሣች። በኛም አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ደረጃ ለማሳደግ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ 13 የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቷል። የተጻፉት ለኢትዮጵያ ነው፤ ተማሪዋም በመጽሐፉ ተምራ በጤና ጣቢያ ትለማመድ ነበር።

ለዶክትሬት ደረጃ ግን ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የቀረበው በር ዩኒሳ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ማዕከል አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ሥራቸውን ሳይለቁ በጤና ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ማዕረግ ዲኤንፒ አይደለም፤ ድርሰት ተጽፎበት የሚሰጥ የምርምር ዶክትሬት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በነርሲንግ ፒኤችዲ ያስተምራል። ስለዚህ ከአሶሳ ሆና «ዶክትሬት እፈልጋለሁ» የምትል ነርስ አስቀድማ ማዕረጉን ከሥራው መለየት አለባት፤ ለማስተማር ከሆነ የሚያዋጣት ምርምሩ ነው፣ በዎርድ ለመቅረት ከሆነ ደግሞ ሌላው።

የአሜሪካውን ለምትመርጥ መሰናክሉ ከቅጹ ይጀምራል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪዋ የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ እንዲኖራት ይጠይቃሉ። ለዚህም የዚያን አገር ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መሰናክል የልምምዱ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ቆሞ የሚያይና የሚፈርም፣ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው አሠልጣኝ በአሶሳ ማን ነው? ሦስተኛው የሰዓት ልዩነት ነው። በኒው ዮርክ ከምሽቱ በ1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል አሶሳ ላይ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ተረኛ ለሆነች ነርስ ይህ የትምህርት ሰዓት አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ሰዓት በአንጻሩ ከኛ የሚለየው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሕዳሴው ግድብ በዚሁ ክልል በጉባ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም መብራት ድንገት እልም ሲል በእጅ ስልኳ ብርሃን የምታነብ ተማሪ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለችም።

ገንዘቡን እናስላ። ለምሳሌ ያህል ማስተርስ ላለው ሰው 35 ክሬዲት ቢጠየቅና አንዱ ክሬዲት 700 ዶላር ቢሆን 24,500 ዶላር ይመጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ስለነበረ ዋጋው 1,396,500 ብር ይሆን ነበር። በዚያው ወር የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል። በ130 ብናሰላው እንኳ 3,185,000 ብር ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ላለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የተቆረጠው ደመወዝ በወር 11,500 ብር መሆኑ ተነግሯል። በዚህ ደመወዝ አንድ ሳንቲም ሳይበሉ ቢያጠራቅሙ 23 ዓመት ይፈጃል። የነርስዋ ደመወዝ ከዚህ ቢበልጥም ስሌቱን ብዙ አይለውጠውም። እንግዲህ ወንድም ወይም እህት በውጭ አገር ከሌላት ወይም የሚረዳት ድርጅት ካልተገኘ በቀር፣ በግል ኪስ የሚሞከር ነገር አለመሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል።

ዋጋው እንዲህ ሲወደድ ርካሽ የሚሸጥ አይጠፋም። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በፍሎሪዳ ከሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስነት ዲፕሎማ እንደተሸጠ አስታውቋል። በአሜሪካ እንዲህ ከሆነ ሌላ ቦታ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በኛም አገር በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን ለጊዜው እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ ኋላ እገዳው ተነሣ። ዛሬ ከውጭ የመጣ ማስረጃን አቻነት የሚያየው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ አንድ ብር ከመላኩ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዞ ወደዚያ መሄድ ነው እንጂ፣ ተመርቆ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ዘግይቷል። በሦስት ወር ውስጥ፣ ያለ ፈተና፣ «ለሥራ ልምድዎ» ዶክትሬት እንሰጣለን የሚል ሲገኝ መጠየቅም አያስፈልግም።

አንድ የቀረን ክርክር አለ። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ይህን ሁሉ ከተማረች በኋላ በአሶሳ ትቀራለች ብላችሁ ነው? ትምህርቱ መውጫ በር ነው» ይሉናል። እውነትነት አለው፤ በአሜሪካ ፈቃድ የተጀመረ ትምህርት በአሜሪካ ሥራ ቢያልቅ አያስደንቅም። እኛ ግን ነርስዋን ከመውቀስ በፊት የቆመችበትን መሰላል ማየት ይሻላል እንላለን። በዎርድ ሳለች ጎበዝ የሆነች ነርስ እድገት ስታገኝ ምን ትሆናለች? ወይ አስተዳዳሪ ትሆናለች፣ ወይ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ታስተምራለች፣ ወይ በስደተኛ ሰፈር ለሚሠራ ድርጅት ትቀጠራለች። በሦስቱም መንገድ ከአልጋው ትርቃለች። «በዚሁ ዎርድ ሆነሽ፣ በዚሁ በሽተኛ አጠገብ፣ በዶክትሬት ደረጃ ይህን ያህል ይከፈልሻል» የሚል የሥራ መደብ ከሌለ፣ ከአሜሪካ ቢመጣ ከአቃቂ ማዕረጉ የሚያወጣት ከዎርድ ነው። በዚህ ረገድ ዲኤንፒን ከባሕር ማዶ በውድ ከመግዛት ይልቅ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁና ሆስፒታሉ ተስማምተው በማስተርስ ደረጃ እንኳ የተግባር ሥራን የሚያስመርቅ ትምህርት ቢጀምሩ፣ መጻሕፍቱንና ትምህርቱን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በኢንተርኔት ቢያመጡ፣ ሰዓቱን የሚፈርመውን አሠልጣኝ ግን በቦታው ቢያስቀምጡ፣ ከላይ ከቆጠርናቸው መሰናክሎች አብዛኞቹ ይወገዳሉ። የፈቃድ ጉዳይ አይነሣም፤ የሌሊቱ 9 ሰዓት አይነሣም፤ ዶላሩም ይቀላል። የማይቀለው የአሠልጣኙ ነገር ነው፤ እርሱ ራሱ ከየት ይመጣል? ምናልባት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ነርሶች በክልሉ ወጪ በዩኒሳ ወይም በአዲስ አበባ ማስተማር ግድ ይሆናል፤ ለነዚህም ተመልሰው የሚቆሙበትን መደብ አስቀድሞ ማዘጋጀት።

ስለዚህ የመጨረሻ አሳብ ከጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መልስ እንጠብቃለን። በተለይ የልምምዱ 1,000 ሰዓት በክልል ሆስፒታል እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል የሚያውቅ ካለ ለመጪው እትም ይጻፍልን፤ ጽሑፉ ለተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ይሰጥ።